የውኃ ጎመን

ፋርማሲ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈን ሰው ሁለት ዓይነት ሰዎች ያናድዱታል፤ ሐኪም ያላዘዘለትን ካልሰጣችሁኝ ብሎ የሚጨቀጭቅና ሐኪም ያዘዘለትን አልውጥም የሚል። እናቴ ከሁለተኛዎቹ ነበረች፤ ያውም ከግትሮቹ ዋና።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ አንድ ፋርማሲ ነው። ባንኮኒው ጀርባ ስቆም ፊቴ አይፈታም ይሉኛል። ባለቤቱ "አንቺን ሲያይ ያልታመመውም ይታመማል" እያለ ይቀልድብኛል፤ እውነቱን ነው። ሠርግ ሲቃረብ የሚያወፍር ቫይታሚን የሚጠይቁ ልጃገረዶች ይመጣሉ፤ ደም የሚያጠራ ዱቄት የለም ወይ የሚሉ ጎልማሶች ይመጣሉ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ነው የማያቸው። "ጎመን ትበያለሽ?" ብዬ አንዷን እጠይቃለሁ። "ኧረ አልወድም" ትለኛለች፤ ያኔ ይብስብኛል። በጣሳ ታሽጎ የሚሸጥ ብርታት ለኔ፣ ጎመን የሰለቸው ሰው በውድ የሚገዛው ጎመን ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ዱቄት በጣሳ ይዤ ሰው ስለማመጥ የከረምኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ በበጋ ብቻ በሚደርስበት ገጠር ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ አብራት የነበረችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ፣ ቃል የማይወጣት ሴት። ታናሽ ወንድሜ መራዊ ከተማ ይኖር ነበር፤ ለበቆሎ ነጋዴዎች ከገበሬው እህል እየሰበሰበ ያስጭናል። የእናቴ ነፍስ ያለችው እሱ ዘንድ ነው። ስለኔ ስትጠየቅ "ደኅና ናት" ብላ ትዘጋዋለች፤ ስለሱ ስትጠየቅ ግን ምሳውን ምን እንደበላ ሳይቀር ታወራለች። ቅናት አልነበረብኝም ብል ውሸቴን ነው።

ከዚያ አንድ ሰሞን የወንድሜ ስልክ ጥሪ አልቀበልም አለ። መንገዱም አንዴ የሚዘጋ አንዴ የሚከፈት ጊዜ ነበር። ለእህል እንደወጣ አልተመለሰም አሉን። ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ ጠየቅን፤ በዚያን ጊዜ በኛ አገር መጠየቅም ልክ ነበረው። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። ሞቷል ቢባል ለቅሶ ተቀምጠን በተነሣን። እናቴ ግን ማልቀስ እንኳ ፈራች፤ ካለቀስኩለት የገደልኩት እኔው ነኝ ትል ነበር።

በለቅሶው ፋንታ ተሳለች። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተንበርክካ፣ ልጄ በእግሩ እስኪመጣ ድረስ የፍስክ እህል በአፌ አይዞርም አለች። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ጾም ሲገባ ከሰው ጋር ትጾማለች፤ ጾሙ ለሰው ሲፈታ ለሷ አይፈታም። በፋሲካ ዕለት እኛ ዶሮ ወጡን ከበን ስንቀመጥ እሷ በር አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ ሽሮዋን በዳጉሳ እንጀራ በላች። "ብሉ እንጅ፣ ምነው?" ትለናለች እየሣቀች። ከመካከላችን የጠገበ ሰው ግን አልነበረም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መዳፏን ነው። እጄን ይዛ ስትስመኝ መዳፏ እንደ ሻማ ነጥቷል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከዳገቱ መሐል ድንጋይ ላይ ማረፍ ጀመረች፤ ያንን ዳገት ከዚያ በፊት እንስራ አዝላ የምትወጣው ነበር። ከዚያ ምላሴን ያቃጥለኛል አለች፤ ቆይታ ደግሞ እግሬ ውስጥ ጉንዳን ይሄዳል አለች። ይህን ስሰማ ባጃጅ ይዤ ሄድኩና ለምኜም ተቆጥቼም ፍኖተ ሰላም አመጣኋት። ደሟ ተመረመረ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን አይቶ እሷን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

"እማማ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?" አላት።

"እግዜር የሰጠኝን።"

"ሥጋስ? እንቁላል? ወተት?"

"የለም፣ ልጄ። እሱ ለጊዜው ቀርቶብኛል።"

ደሟ ክፉኛ መውረዱን ነገረን። ብረት ጎድሏታል፤ ከእንስሳ ምግብ ብቻ የሚገኝ አንድ ቫይታሚንም ሳይጎድላት አይቀርም አለ። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት ካልበላች ልቧ እንደሚደክም አስረድቶ የብረት እንክብል አዘዘላት። እሷም "እሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እደግ" ብላ መረቀችው። ከበሩ ስንወጣ ወደኔ ዞር ብላ "ልጅ አልወለደም መሰለኝ" አለች። በቃ፣ የምክሩ ዋጋ ይኸው ነበር።

እንክብሉን የምትውጠው ከቅዳሴ መልስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ በዋለ ሆዷ ነው። ሆዷን አቃጠላት፣ አስታወካት። ተወችው። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላና ከሥራ አስፈቅጄ የንስሐ አባቷን ፍለጋ ሄድኩ። ቄሱ ከቤታቸው ጥግ የንብ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው።

"አባ፣ እናቴን ከጾሙ ይፍቷት፤ ልትሞትብኝ ነው" አልኳቸው።

ቀፎውን አስቀመጡት። "እኔማ ከፈታኋት ቆየሁ" አሉኝ። "የታመመ ሰው አይጾምም፣ ስለቱንም እኔ እቀበልልሻለሁ ብየ ነግሬያታለሁ። 'እርስዎ ከጾሙ ይፈቱኛል፤ ከልጄ ማን ይፈታኛል፣ አባ?' አለችኝ። ምን ልበላት? አንች ብትሆኝ ምን ትያታለሽ?"

 ቀፎውን አንሥቼ አቀበልኳቸውና ወደ ባጃጁ ተመለስኩ።

ስፒሩሊና ትዝ ያለኝ በዚያ ሳምንት ነው። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ አዲስ አበባ ይሸጠው ነበር። ኩሬ ውስጥ የሚበቅል አልጌ ነው፤ በዓይን የማይለይ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፤ ውኃው ላይ ሲበዛ አጥልለው ያደርቁትና ይፈጩታል። ከዓመታት በፊት ናሙና ልኮልኝ "እኛ አገር ለኩሬ አረንጓዴ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የለም" ብዬ ስቄበት ነበር። አሁን ግን የጣሳውን ጽሑፍ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው ይላል። ብረት አለው። ደም የለውም፣ ወተት የለውም፣ ከእንስሳ የተነካ ነገር የለበትም። እናቴን ከስለቷ ሳያጣላ ሥጋን ይተካል የተባለ ነገር በዓለም ላይ ካለ፣ እሱ ነው።

ሒሳቡ ግን አይጠፋኝም ነበር፤ ሙያዬ ነው። ፕሮቲኑ የቱን ያህል ቢበዛ የሚወሰደው በማንኪያ ነው፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ደግሞ ያው አንድ ማንኪያ ነው። ሆድ የሚሞላው፣ ገላ የሚጠግነው ዋናው ማዕድ ነው፤ ይህ በማዕዱ ላይ የሚጨመር እንጂ ማዕዱን የሚተካ አይደለም። ደኅና ሰው ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ቢበላ ይሻለዋል። ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ቢሆን ፊቴን አጥቁሬ እነግረው ነበር። ለእናቴ ሲሆን ግን ሙያዬን ወደ ጎን አድርጌ ለልጁ ደወልኩና "ላክልኝ" አልኩት። እሱም አልሣቀብኝም፤ እግዜር ይስጠው።

ጣሳውን ይዤ የሄድኩት በአንድ የበዓል ቀን ነው። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችውና ፊቷ ተለወጠ።

"ዓሣ ዓሣ ይላል" አለች።

"ዓሣ አይደለም፣ እማ። ውኃ ላይ የሚበቅል ተክል በይው።"

"ከውኃ የወጣ ነገር ሁሉ ሳይጠየቅ አይበላም" ብላ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ በኛ ደብር አይበላም። ስለዚህ የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ መልስ እስኪመጡ ጣሳው ጠረጴዛው ላይ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ዋለ። መጡና ተቀመጡ። ትንሽ ዱቄት መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

"ይንቀሳቀሳል?" አሉኝ።

"ውኃው ካላንቀሳቀሰው በቀር አይንቀሳቀስም፣ አባ።"

"ደምስ አለው?"

"የለውም።"

"ምን በልቶ ነው የሚያድግ?"

"ፀሐይ ነው የሚመገብ።"

"አየ፣ ለኛም እንዲያ በሆነልን!" አሉና መዳፋቸውን አራገፉ። "እንግዲያውስ ጎመን ነው። የውኃ ጎመን። ብይ፣ ልጄ፤ ጾምሽም አይፈርስ፣ ስለትሽም አይፈርስ።"

እናቴ ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንደሩ የዚያ ዱቄት ስም የውኃ ጎመን ሆኖ ቀረ። ከየት ውኃ እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በስምጥ ሸለቆ ካሉ ሐይቆች አንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ በተፈጥሮ እንደሚበቅል፣ ይኸኛው ግን በተሠራ ገንዳ እንደሚለማ ነገርኳት። የሚፈውስ ውኃ ለሷ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከግሽ ዓባይ የመጣ ጸበል በጠርሙስ ሞልቶ ከራስጌዋ አይጠፋም። ጣሳውንም ወስዳ ከጠርሙሱ አጠገብ አኖረችው።

እኔ እንዳለሁ የመጀመሪያውን በጥብጬ ሰጠኋት። ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፣ በበሶ፣ ጧትና ማታ አልኳት። ለአክስቴ ልጅም ማንኪያውን ይዤ አሳየኋት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። ከንፈሯ ዙሪያ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። "ይችን ስጠጣ ላሚቱ ብታየኝ ሣሬን ቀማችኝ ብላ ትወጋኛለች" አለች፤ የአክስቴ ልጅ ሣቀች፣ እኔም ሣቅኩ። ያ ቤት ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ በባጃጁ ውስጥ እያዜምኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ባለ ቁጥር እደውላለሁ። "እየወሰድሽ ነው?" እላታለሁ።

"ጧት ጧት እቀምሳለሁ፣ ልጄ።"

አላመንኳትም፤ እናቴን አውቃታለሁ። ስልኩን ለአክስቴ ልጅ ስጫት እላለሁ። "እውነቷን ነው፣ እትዬ? ትወስዳለች?"

"አንድም ቀን አታስታጉል" ትለኛለች።

ጣሳው ያልቃል ብዬ ባሰብኩበት ጊዜ ሌላ ላክሁ፤ እሱ ያልቃል ስል ሦስተኛ አከልኩበት። የቡሬ ሹፌሮች እየወሰዱ ያደርሱልኝ ነበር። እናቴም በየጊዜው "ደረሰኝ፣ ተባረኪ፣ በወጣሽበት ግቢ" ትለኛለች። ሰው እንዴት እንደሆነች ስጠይቅ ግን የሚነግሩኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታ ከግቢዋ ሆና ወደ ደብሩ ዞራ እንደምትሰግድ ሰማሁ። እግሯ አብጧል አሉኝ። ወደ ሐኪሙ ሮጥኩና ዱቄቱን አሳየሁት። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበ።

"መጥፎ ነገር አይደለም" አለኝ። "ብረቱም ፕሮቲኑም ይጠቅማታል። ያ ያልኩሽ ቫይታሚን ግን፣ እዚህ ላይ አለው ቢልም፣ በአልጌ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። እሱን በመርፌ ነው የምትወስደው። አሁኑኑ ብትጀምር ጥሩ ነው።"

ይህን እኔም ማወቅ ነበረብኝ፤ በዚያ ሰዓት ግን ለንዴትም ጊዜ አልነበረኝም። መርፌው ፍኖተ ሰላም አልነበረም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ጠበቅሁ። መርፌው በመጣ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም ጠፋ። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም፤ በደኅና ቀን በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረህ ወሬህን ሳትጨርስ ትደርሳለህ። እኔ ግን መርፌዎቹን ባንኮኒው ሥር አስቀምጬ በየቀኑ እያየኋቸው ሰነበትኩ። ሰው መጥቶ ቫይታሚን ሲለኝ እጮህበት ነበር። ባለቤቱ እንኳ መቀለዱን ተወ።

መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። እናቴ አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ መተኛት አትችልም፣ ትንፋሿ ያጥራታል። ፊቷ ከትራሱ ጨርቅ አይለይም። ስገባ መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር ነበር።

"መንገዱ ተከፈተ?" አለችኝ።

"ተከፈተ፣ እማ።"

"እንግዲህ ይመጣል" አለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። መርፌውን ክንዷ ላይ ወጋኋት። ቡሬ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ኦክስጅን አደረጉላት፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ልቧ ግን ደክሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች። ግንቦት ነበር፤ ገበሬው ሁሉ ለበቆሎ እያረሰ ነው፤ ሰው ሞፈሩን ጥሎ መጥቶ ቀበራት።

ከቀብሯ ስመለስ የጠላሁት ነገር ያ ዱቄት ነበር። ያዘነ ሰው የሚጠላው አንድ ነገር ይፈልጋል። መንገዱን ማን እንደዘጋው፣ ወንድሜን ማን እንደወሰደው መጠየቅ አልችልም፤ ጣሳውን ግን መጥላት እችላለሁ። ለዚያን ያህል ጊዜ ጧትና ማታ ወስዳው እንዲህ ከሆነች፣ እውነትም የኩሬ ጭቃ ነው አልኩ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ደንበኛ እናገራለሁ፤ "እናቴን አላዳናትም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ" እላለሁ። የሚልክልኝ ልጅ ሊያጽናናኝ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አርባዋን አወጣን። ጥቁሬን እንደለበስኩ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከባንኮኒው ፊት መጥቶ ቆመ። ጢሙ የጎፈረ፣ ጉንጩ የገባ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ኮት የለበሰ።  እኔም ያንን ፊቴን አሳየሁት። "ምን ልስጥህ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ እኮ" አለኝ።

ድምፁን ነው ያወቅሁት። ባንኮኒውን እንዴት እንደዞርኩት አላስታውስም። ስይዘው ኮቱ ውስጥ የጨበጥኩት አጥንት ነው። ደጋግሜ ሳምኩት። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ገፋ አደረገኝና ከራሴ ጀምሮ እስከ ጫማዬ ልብሴን አየው። ጥቁር ነው። "እማ ናት?" አለኝ። መርዶ በኛ አገር በሽማግሌ፣ በዘመድ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ወንድሜ እናቱን የተረዳው በመድኃኒት ሽታ መካከል፣ በእህቱ ቀሚስ ነው።

በማግስቱ ወደ ቤታችን ወሰድኩት። መንደሩ እንደ አዲስ አለቀሰ። የንስሐ አባቷም መጥተው ጸሎት አደረጉ፤ ስለቷ ደረሰ አሉ፤ ደረሰ ሲሉ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ራት ቀረበ፤ ሽሮና ድንች። ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ሲሰበስብ አየሁና "ነገ ወደ ሐኪም እንሄዳለን፤ እንቁላልም ቢሆን መብላት አለብህ" አልኩት።

"ፍልሰታ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ታመሃል እኮ!"

"እሷ ለኔ ስትጾም ኖራ፣ እኔ የሷን የእመቤቴን ጾም ልብላ?"

ያው ግትርነት፣ ያው ድምፅ። መጮህ ፈለግሁ።  የአክስቴ ልጅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከጎታው ውስጥ አንድ ነገር ስታወጣ ሰማን። በእናቴ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣችና እፊቱ አስቀምጣ ፈታችው። ሦስቱ ጣሳዎች ናቸው።

"ያንተ ነው" አለችው። "አደራ ብላኝ ነበር።" ወንድሜ ነጠላውን አንሥቶ ፊቱን ቀበረበትና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

አንዱን አነሣሁት፤ ከበደኝ። ሁለቱ ጭራሽ አልተከፈቱም፤ ማሸጊያቸው እንዳለ ነው። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። እስከ አፉ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል፤ ከመሐሉ ላይ ብቻ የጣት ጫፍ የምታህል ጎድጓዳ አለችው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ያችን ጎድጓዳ ያውቃታል። እምነት፣ ያ የተባረከው አመድ፣ በሚቀመጥበት ዕቃ ላይ የሰው ሁሉ ጣት እየነካ የሚሠራት ናት።

"ትወስዳለች አላልሽኝም?" አልኳት። ድምፄ ቤቱን አናወጠው። "አንድም ቀን አታስታጉል አላልሽኝም?"

"አላስታጎለችም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጧት ጧት ጸበሏን ሳትጠጣ በፊት በጣቷ ነክታ ከምላሷ ላይ ታደርግ ነበር። ለሚፈውስ ነገር ይህ ይበቃዋል ትላለች። የቀረውን 'ከስቶ ነው የሚመጣ፤ ገላ የሚመልስ ነገር ነው ብላኛለች ባለ መድኃኒቷ፤ እሱ ይብላበት' አለች። ላንች እንዳልነግር ብላ በሱ ስም አስማለችኝ። በሱ ስም፣ እህቴ! በሱ ስም ምየ እንዴት አፌን ልክፈት? አንድ ነገር ቢሆንስ?"

 በጠፋ ልጅ ስም የማለ ሰው መሐላውን አያፈርስም፤ እኔም ብሆን አላፈርስም ነበር። በዚያች ደቂቃ እናቴን ጠላኋት። በዚህ ሁሉ ወራት ስሙን ሳጠፋው የኖርኩት ዱቄት ከናካቴው አልተበላም። ቢበላ ያድናት እንደነበር አላውቅም፤ የሐኪሙን ቃል አልረሳሁትም፣ ያ ቫይታሚን በጣሳው ውስጥ አልነበረም። ብረቱ ግን ነበር። ምናልባት መርፌው እስኪደርስ ያቆያት ነበር። ምናልባት አያቆያትም ነበር። ይህን የሚነግረኝ ሐኪምም ቄስም የለም፤ አብሬው መኖር ነው።

ጣሳው ሥር የታተመውን የማብቂያ ጊዜ አየሁ፤ የሙያ ልማድ ነው፣ እጄ ራሱ ነው ያነሣው። አላለፈበትም። በሶ አስመጣሁ። ማንኪያውን ወደዚያች የጣት ጎድጓዳ አላስገባሁትም፤ ከጠርዙ በኩል ጨለፍኩ። ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፣ እንደታዘዘው። በጥብጬ ለወንድሜ ሰጠሁት። አሸተተውና እናቴ እንዳደረገችው ፊቱን አዞረ።

"ዓሣ አይደለም" አልኩት። "አባ ፈቅደውታል። ጠጣ።"

ጠጣው። ከንፈሩ ዙሪያ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ጽዋውን አስቀመጠና አፉን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ፣ "እማ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄን እንዴት ቻለችው?" አለኝ። አላወቀም፤ ነጠላው ውስጥ ሲያለቅስ ከአክስቴ ልጅ ጋር የተነጋገርነውን ግማሹን እንኳ አልሰማውም ነበር። የአክስቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለመደችው" አልኩት። "አንተም ትለምደዋለህ። ነገ ጧት ደግሞ ትጠጣለህ።"